የጉዳት ካሳ ችሮታ አይደለም

ዛሬ ስለ ቀረጥም ስለ ምንዛሪም አላወራም። የማወራው ስለ ራሴ ጥፋት ነው፤ ብዙዎቻችን እየሠራነው ጥፋት መሆኑን ያላወቅነው ስለሆነ።

ባለፈው ዓመት ሞያሌ፣ መጋዘኔ በር ላይ፣ ቦሎቄ ከአይሱዙ ሲያወርድ የነበረ ልጅ ከነኩንታሉ ተንሸራቶ ወደቀ። ሁለት ዓመት በወር ደመወዝ አብሮኝ ሠርቷል። ጉልበቱ ተሰበረ። በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስኩት፣ የመጀመሪያውን ቀን ሕክምና ከፈልኩ፣ ለእናቱ 5,000 ብር ሰጠሁ። እናቱ እጄን ይዘው «እግዜር ያክብርሽ» አሉኝ። እኔም ደግ የሠራሁ መስሎኝ ቤቴ ገብቼ ቡናዬን ጠጣሁ። በማግስቱ ሌላ ሰው ቀጠርኩ።

ከአራት ወር በኋላ በምርኩዝ እያነከሰ መጣ። «እትዬ፣ ቁጭ ብዬ የምሠራው ነገር ካለ ብዬ ነው» አለኝ። ካሳ አልጠየቀኝም። እንዳለው አያውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም ነበር፤ በንግድ ሥራ ዲፕሎማ ይዤ፣ ለመኪናውም ለዕቃውም ኢንሹራንስ ገብቼ፣ ለሚሸከመው ሰው ግን በመዝገቤ ላይ አንድ መስመር አልነበረኝም።

ያን ቀን ማታ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ አስፈልጌ አነበብኩ። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ሥራ ከገባ ግን ሌላ ነው። ሕክምናውን አሠሪው ይከፍላል። ሥራ መሥራት ላልቻለበት ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል።

ካልኩሌተሬን አወጣሁ። የልጁ ደመወዝ 4,500 ብር ነበር፤ ሐኪሙ ስድስት ወር እንዳይሠራ ጽፎለታል። የሦስት ወሩ 13,500፣ የቀጣዩ ሦስት ወር 10,125፣ በድምሩ 23,625 ብር። ሕክምናው ሳይቆጠር ነው። እኔ «በችሮታ» የሰጠሁት የዚህን ሩብ እንኳ አይሞላም። እናቱ ያመሰገኑኝ ለካ ዕዳዬን ቆርጬ ስላስቀረሁባቸው ነው።

ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነስ? መጠኑን የሐኪሞች ቦርድ በመቶኛ ይወስናል። በጡረታም በኢንሹራንስም ያልታቀፈ ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ መሥራት ካቃተው የአምስት ዓመት ደመወዝ በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል፤ ከፊል ጉዳት ከሆነ በመቶኛው ልክ። ለምሳሌ 20 በመቶ ቢባል፣ በዓመት 54,000 ብር ለሚያገኝ ሰው 54,000 ብር ይመጣል። ለእኛ አንድ ጭነት ነው። ለእሱ ቀሪ ዕድሜው።

ድንበሩን ተሻግራችሁ ኬንያ ውስጥ መጋዘን ወይም ሱቅ ያላችሁም ከዚህ አታመልጡም። የኬንያው የሥራ ጉዳት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ነው። አሠሪ ለሠራተኞቹ ኢንሹራንስ እንዲገባ ያስገድዳል። አደጋ መድረሱን ባወቀ በ7 ቀን ውስጥ፣ ሰው ከሞተ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። ተጎጂው ጥያቄውን በ12 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። ሙሉ ዘላቂ ጉዳት ከሆነ ካሳው የ96 ወር ገቢ ነው። እዚያ የምትሠሩ ልጆቻችን ይህን ዕወቁ፤ «ሲሻለኝ እጠይቃለሁ» ብሎ መቆየት መብት ያስበላል። በእኛም አገር ቢሆን ይርጋ አለ።

አንዳንድ ነጋዴ «የጽሑፍ ውል የለንም» ይላል። የቃል ውልም ውል ነው፤ ውሉ አለመጻፉ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። ሌላው «ጫኝና አውራጁ የማኅበር ነው፣ የእኔ ሠራተኛ አይደለም» ይላል። ይህ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ከባዱም ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። የማኅበር አባል ሲወድቅ ነጋዴው ወደ ማኅበሩ፣ ማኅበሩ ወደ ነጋዴው ይጠቁማል፤ ልጁ መሀል ላይ ይቀራል። ለዚህ እኔ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ለለቅሶ ዕድር አለን። ከእያንዳንዱ መኪና ትንሽ እየተቆረጠ ማኅበሩም እኛም የምናዋጣበት የጉዳት ሣጥን ለምን አይኖረንም? ቋሚ ሠራተኛ ያለን ደግሞ የሠራተኞች ጉዳት ኢንሹራንስ አገር ውስጥ ይሸጣል፤ ዋጋውን ጠይቀን ከትራንስፖርቱ ወጪ ጋር እንያዘው።

ሽምግልናን አልጠላም፤ ብዙ ጠብ አብርዶልናል። ግን ሽማግሌ ተቀምጦ «ይህን ተቀበልና ክስ የለኝም ብለህ ፈርም» ሲባል፣ መነሻው ሕጉ የሚሰጠው መሆን አለበት፤ የነጋዴው ኪስ ወይም የተጎጂው ይሉኝታ አይደለም።

ለሠራተኞችና ለቤተሰቦቻቸው የምለው ይህ ነው፦ አደጋው የደረሰበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ፣ ያዩትን ሰዎች ስም ያዙ፣ የሐኪም ወረቀትና ደረሰኝ አትጣሉ፣ ደመወዝ የተከፈላችሁበትን ማስረጃ አስቀምጡ፣ ያላነበባችሁት ላይ አትፈርሙ። ካልተስማማችሁ የሠራተኛ ጉዳይን ወደሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ ሂዱ።

እኔ የልጁን ሒሳብ በሦስት ጊዜ ከፍዬ ጨረስኩ፤ የቦርዱን ውጤት ደግሞ አብረን እየጠበቅን ነው። አሁን መጋዘኑ ውስጥ ገቢና ወጪ ይመዘግባል። እናቱ በቀደም መጥተው እንደገና ሊያመሰግኑኝ ሲሉ «እማማ፣ የልጅዎ ገንዘብ ነው» አልኳቸው። ለማለት አንድ ዓመት ፈጀብኝ። እናንተ ባትዘገዩ ደስ ይለኛል።