«አዝማሪ» ሥራቸው እንጂ ስማቸው አይደለም

ባለፈው ጥር መሐል ሜዳ አካባቢ የዘመድ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ድንኳኑ ውስጥ ኪቦርድ ተገጥሟል፣ ስፒከሩ ጆሮ ይበጥሳል። እኩለ ቀን ላይ ጄኔሬተሩ ድንገት ጠፋ። ሰው ሁሉ ሲያጉረመርም ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አዛውንት ማሲንቋቸውን አነሱ። ደጋኑን ሁለት ሦስቴ ሳብ ሳብ አደረጉና ሙሽራውን፣ ሚዜዎቹን፣ የሙሽራዋን አባት እያነሱ ማወደስ ጀመሩ። ድንኳኑ በአንዴ ሞቀ። ሠላሳ የሚሆን ስልክ ወደ ላይ ወጣ። አንዱ የእኔ ነበር።

ሲጨርሱ የተሸለሙት ብር ግን ከተዘረጉት ስልኮች ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። «ካሽ አልያዝኩም» ይላል አንዱ፣ «እኔም» ይላል ሌላው። እኔም ብያለሁ።

በሁለተኛው ቀን፣ ለመልስ ስንሰባሰብ፣ ያው ዘፈን ቲክቶክ ላይ መጣልኝ። ሰዉ እየተቀባበለው ነው። ደስ ብሎኝ ሄጄ አሳየኋቸው።

«ጋሼ፣ ይኸው ብዙ ሰው እያየዎት ነው።»

ስልኩን ጠጋ አድርገው አዩና «ማን ብለው ጻፉ?» አሉኝ።

«‹የመንዝ አዝማሪ› ነው የሚለው።»

«እሱማ ሥራዬ ነው፤ ስሜ ግን አይደለም» ብለው ማሲንቋቸውን መቃኘት ቀጠሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህች መልስ ከጭንቅላቴ አልወጣችም። «የአገራችን ሙዚቃ ይደገፍ» ስንል ብዙዎቻችን የሚታየን ትልቅ አዳራሽ፣ ስፖንሰርና መድረክ ነው። አሳታሚ ሳይኖረው፣ ማናጀር ሳይኖረው፣ ስቱዲዮ ሳይገባ በራሱ የሚሠራ ሙዚቀኛ ግን ከመንዝ እስከ ግሼ፣ ከጀማ ማዶ መርሐቤቴም ድረስ ድሮም ነበር። መድረኩ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ጠላ ቤትና የገበያ ቀን ነው። ደመወዝ የለውም። ገቢው በዚያች ሰዓት ግንባሩ ላይ የሚለጠፍለት ብር ነው።

እዚህ ላይ ኪቦርድና ዲጄ የማይተኩት ነገር አለ። «ተቀበል!» ትለዋለህ፣ ስንኝህን ትሰጠዋለህ፣ እሱ ከዜማው ጋር አስማምቶ መልሶ ይሰጥሃል። ዘፈኑን ከፊል የምትሠራው አንተ ነህ። ያጎትህን ደግነት፣ የጎረቤትህን ስስት፣ የሰሞኑን ወሬ በሰምና ወርቅ ሸፍኖ እዚያው ያወጣዋል። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ሰምና ወርቅን ርእሱ ባደረገ መጽሐፉ ስለ አማራ ገበሬ የጻፈው በአብዛኛው መንዝ ላይ ያጠናውን ይዞ ነው። የዚህን ቃል ጉልበት ጠላትም ያውቀው ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ እንዲያዙና እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል በየአገሩ እየዞሩ የሚዘፍኑ አዝማሪዎች ይገኙበታል። ወሬና ወኔ ከቦታ ቦታ የሚያደርሱት እነሱ ስለነበሩ ነው።

ፋሽስት ያላጠፋውን ሙያ ታዲያ አሁን ምን እያዳከመው ነው? አንደኛው፣ ሠርግ ውስጥ ቦታውን ኪቦርድና ዲጄ ወስደውታል። ሁለተኛው፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የገባንበት ግጭት ነው፤ መንገድ ሲዘጋና ድግስ ሲቀር ዞሮ አዳሪው ሙዚቀኛ መጀመሪያ ይራባል። ሦስተኛው ደግሞ እኛው ነን። ኪሳችን ውስጥ ብር ጠፋ፣ በቦታው ስልክ ገባ። ዘፈኑን ወስደን እንሄዳለን፤ ሰውየው ባዶ እጁን ይቀራል።

«እንዴ፣ ቪዲዮው እኮ ያስተዋውቀዋል!» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ሊያስተዋውቀው ይችላል። ግን ስሙ ሳይጻፍ፣ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ማን ፈልጎ ያገኘዋል? የሚተዋወቀው ገጹ ነው፤ ተከታይ የሚያፈራው የለጠፈው ልጅ ነው።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 «ከዋኝ» ለሚላቸው፣ ማለትም ዘፋኝና ተጫዋች ለሆኑ ሰዎች፣ ክዋኔያቸው እንዲቀረጽና ለሕዝብ እንዲሠራጭ የመፍቀድ መብት ይሰጣል። የ2007ቱ ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872፣ ባለመብቶች በማኅበር ተደራጅተው ክፍያ የሚሰበስቡበትን መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን ማሲንቆ ይዞ ከሠርግ ሠርግ የሚዞር ሰው ጠበቃ ቀጥሮ እንደማይከሰን እናውቃለን። ስለማይከሰን ነው የምንዳፈረው።

ከተማ ሄደህም ያው ነው። አዲስ አበባ ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ የአዝማሪ ቤት ነበር። ውዝዋዜ ተጫዋቹ መላኩ በላይ እዚያው ሲጨፍር ኖሮ ቤቱን ተረከበና ዓለም የሚያውቀው የባህል ማዕከል አደረገው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ስትፈርስ ግን የፈንድቃ ሰፈርም አብሮ ሄደ። ያኔ ስንቶቻችን ፌስቡክ ላይ አዘንን! ከማዘን በፊት ስንት ጊዜ ገብተን ከፍለን ሰምተናል? እኔ አንድ ጊዜ ብቻ።

የእኛ አገር ሰው የጋራ ነገር መጠበቅ አያውቅበትም እንዳይባል ጓሳን እዩ። ለጣሪያ ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን የጓሳ ሣር የመንዝ ገበሬ ለመቶዎች ዓመታት በራሱ ደንብ ጠብቆታል። የሚዘጋበት ጊዜ አለው፤ የሚከፈተው በስምምነት ነው። ማንም ማጭዱን ይዞ እንደፈለገ አይገባም። ለሣር ደንብ ያወጣ ሕዝብ ለሙዚቀኛው ደንብ ማውጣት ያቅተዋል?

ደንቡ ከባድ አይደለም። ከመቅረጽህ በፊት ጠይቅ፤ «ይቀዱኛል?» ብሎ የሚያፍረው ሙዚቀኛው ሳይሆን አንተ ሁን። ስትለጥፍ ስማቸውን ጻፍ፤ ከፈቀዱ ስልካቸውንም ጨምር፣ የሚቀጥለው ሠርግ የሚመጣው በዚያ ነው። «ካሽ የለኝም» የሚለውን ሰበብ እንተወው፤ ቴሌብር በቀላል ስልክም በ*127# ይሠራል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። የቀረጽክ ከሆነ ክፈል፣ አለቀ። ድግስ ካለህ ደግሞ ለኪቦርዱ ከምታወጣው ላይ ቀንሰህ ለማሲንቆ አንድ ሁለት ሰዓት ስጥ፤ ዋጋውን ቀድመህ ተነጋገር፣ ሽልማቱ በላዩ ላይ ይምጣ።

የየወረዳው የባህል ቢሮዎችም በዓል ሲደርስ አዝማሪን ለማድመቂያ መጥራት ብቻ ሳይሆን ስሙን መዝግቦ፣ ተገቢውን ክፍያ በጊዜው መስጠት ይጠበቅባቸዋል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ወንድምና እህቶቻችንም ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚቀርጹትን ዘፈን አንድ ቅጂ ለባለቤቱ ቢመልሱለት ምን ይከብዳል?

«ሕዝብ በችግር ላይ እያለ ስለ ዘፈን ታወራለህ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። የማወራው ስለ ዘፈን ብቻ አይደለም፤ ሠርቶ ስለሚበላ ሰው ነው። አልቃሽም አወዳሽም በሌለበት አገር ኀዘናችንን የሚያወጣልን ማን ነው?

እኔ በመጨረሻ የእሳቸውን ስም ጠየቅኩ። እዚህ ያልጻፍኩት ጋዜጣ ላይ ለማውጣት ስላላስፈቀድኳቸው ነው፤ ስልኬ ላይ ግን ከነቁጥራቸው አለ። ከፋሲካ በኋላ ሌላ ሠርግ አለብን። ቀድሜ ደውያለሁ፣ ዋጋም ተነጋግረናል።