ጥንቸሏን ማን አቀላት?

ባለፈው ወር በተማሪዎች አዳራሽ በተከፈተው የፎቶግራፍ ትርኢት ላይ፣ ከበሩ በስተቀኝ ተሰቅላ የነበረችውን ጥንቸል ያላየ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ወርቅ በመሰለ ሣር መካከል ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ፣ የጧት ፀሐይ እንደምትሞቅ ሆና የተቀመጠችውን ማለቴ ነው። ብዙዎቻችሁ አድንቃችኋታል፤ አንዳንዶቻችሁም ለመኝታ ክፍላችሁ ግድግዳ የሚሆን ቅጂ ጠይቃችኋል። ያንን ሥዕል ያነሣሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ብዕር የጨበጥሁት ግን ምስጋናችሁን ለመቀበል አይደለም፤ እናንተ ያያችኋት ጥንቸል እኔ ካየኋት ጥንቸል የተለየች መሆኗን ለመናገርና፣ ከዚህም ተነሥቶ ማኅበራችን ሊያደርገው ይገባል የምለውን ለማቅረብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥዕሉ የተነሣው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 4000 ሜትር በሚጠጋው በሰነቴ አምባ ላይ ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ አምባውን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ መኪናችንን አቁመን በመስኮት ማንሣት ቻልን። ጥንቸል ጉድጓድ ቆፍራ የምትኖር እንስሳ አይደለችም፤ አደጋ የመጣ ሲመስላት መጀመሪያ መሬት ላይ ልጥፍ ትልና ትደበቃለች፤ እግረኛ ሲቀርባት ግን ተስፈንጥራ ትጠፋለች። መኪና ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠን ሰው ብዙ አትፈራም። እኛም ሳናባርራት፣ ድንጋይ ሳንወረውርባት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቀን አነሣናት። እስከዚህ ድረስ የሚያሳፍር ሥራ አልሠራሁም።

ነገር ግን በዚያ ጧት ፀሐይ አልነበረችም! ሰማዩ ደመና ለብሶ፣ ብርዱ ጣት የሚያደነዝዝ ነበር። ሣሩም ወርቅ አልነበረም፤ ጅብራው ቆሞበት፣ ግራጫ ቁጥቋጦ ጣል ጣል ያለበት የደረቀ ሣር ነበር። ከተማ ተመልሼ ሥዕሉን በኮምፒዩተር ስከፍተው ወደ ሰማያዊ ያደላ፣ የቀዘቀዘ መልክ ነበረው። ሰማያዊውን ጥቂት ቀነስሁለት፤ ይህ ተገቢ እርማት ነበር። ከዚያ በኋላ ጓደኞቼ ከበቡኝ። አንዱ «ትንሽ ሙቀት ጨምርበት» አለ። ሌላው «ጥላውን አንሣው» አለ። እኔም ጨመርሁ፤ አነሣሁ፤ እንደገናም ጨመርሁ። ሌሊቱ እኩል ሲሆን ግራጫዋ ጥንቸል ቀላች፤ ያልወጣችውም ፀሐይ ወጣች።

በትርኢቱ ሁለተኛ ቀን አንድ የባዮሎጂ መምህር ከሥዕሉ ፊት ብዙ ጊዜ ቆመው ሲመለከቱ አይቼ ቀረብሁ። አድናቆት ስጠብቅ፣ «የት ነው ያነሣሃት?» አሉኝ። «ሰነቴ ላይ ነው መምህር» አልሁ። «ታዲያ በጆሮዋ ጫፍ ላይ ያለውን ጥቁር ምን አደረስኸው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥላውን ባነሣሁ ጊዜ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ተለውጦ ከቀረው ጠጉር ጋር ተመሳስሎ ነበር።

ይህ ቀላል ጥያቄ አለመሆኑን ለመረዳት ስለ እንስሳዪቱ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ በአማርኛ ሁሉንም «ጥንቸል» ብለን እንጠራለን እንጂ ባገራችን ከአንድ ዓይነት በላይ አለ። የደጋዋ ጥንቸል ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አትገኝም፤ በሳይንስ ራሷን ችላ የተሰየመችውም እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ጀርባዋ ግራጫና ቡና መልክ ተቀላቅሎበት በጥቁር የተነቆጠ፣ ሆዷ ነጭ፣ የጆሮዎቿ ጫፍ ጥቁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 የተሰየመችው የቆላዋ ጥንቸል ግን በጆሮዋ ጫፍ ላይ ይህን ያህል ሰፊ ጥቁር የላትም። እንግዲህ መልክ ለጥንቸል ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ማንነቷን የምናውቅበት አንዱ ማስረጃ ነው። እኔ ለማሳመር ብዬ ያጠፋሁት ይህንኑ ማስረጃ ነው።

በዚያው በባሌ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮም አስቡት። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። በዌብ ሸለቆ ከመንደር ውሾች ጋር የተዳቀሉ ቀበሮዎች መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በምርምር ተረጋግጧል፤ ዲቃላውን ከንጹሑ ለመለየት ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ የጠጉሩ መልክ ነው። ሁሉንም ቀበሮ በኮምፒዩተር እሳት እስኪመስል የሚያቀላ ፎቶግራፍ አንሺ ለተመራማሪው ምን ይጠቅመዋል?

አንድ የሥነ ጥበብ ወዳጄ ይህን ስነግረው ሣቀብኝ። «ካሜራውስ መቼ እውነት ይናገራል? እርሱ የዋሸውን አንተ ብትዋሽበት ምን አለበት?» አለኝ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለምና በቅን ልቡና ልመልስለት እወዳለሁ።

ካሜራ በራሱ ቀለም እንደማያውቅ እውነት ነው። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ዳሳሾች የሚለኩት የብርሃንን ብዛት ብቻ ነው። ቀለም የሚገኘው በላያቸው ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያ ስለተደረገባቸው ነው፤ ይህ ዘዴ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት አግኝቷል። ከየአራቱ ማጣሪያ ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ነው፤ የጎደለው በስሌት ይሞላል። ከዚህም በላይ ብርሃኑ ራሱ ይለዋወጣል። የቀትር ፀሐይ በኬልቪን መለኪያ 5500 ገደማ ሲሆን፣ የንጋቱ ወደ 3000 ይወርድና ይቀላል፤ የደመናውና የጥላው ከ6500 በላይ ይወጣና ይሰማያል። ዓይናችን ይህን ሁሉ ሳያስታውቀን ያስተካክልልናል፤ ካሜራው ግን ይገምታል፤ ሲገምትም ይሳሳታል። በወርቃማ ሣር የተሞላ ሥዕል ሲያይ ብርሃኑ የቢጫ መስሎት ሰማያዊ ሊጨምርበት ይችላል። በስኮትላንድ ተራሮች ክረምት ሲገባ ጠጉሯ የሚነጣውን ጥንቸል በበረዶ ላይ የሚያነሡ ሰዎችም ይህንኑ ያውቁታል፤ የካሜራው ብርሃን መለኪያ ሁሉንም ነገር መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ነጩን በረዶና ነጯን ጥንቸል አመድ ያስመስላቸዋል።

ስለዚህ ወዳጄ «ካሜራ ይሳሳታል» ሲል ልክ ነው። ነገር ግን የካሜራውን ስሕተት ማረምና በስሕተቱ ላይ የራስን ምኞት መጨመር አንድ አይደለም። በረዶውን ወደ ነጭነቱ የሚመልስ ሰው ወደ ነበረው ነገር ይመለሳል፤ ደመናማውን ጧት ወርቃማ የሚያደርግ ሰው ከነበረው ነገር ይሸሻል። ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ ሠሪው በልቡ ያውቃል። እኔ በዚያ ሌሊት አውቅ ነበር።

እርማቱን በግምት ሳይሆን በማስረጃ ለመሥራት የሚያስችል ቀላል ዘዴም አለ። እንስሳዪቱ ከሄደች በኋላ፣ ብርሃኑ ሳይለወጥ፣ በተቀመጠችበት ስፍራ ግራጫ ካርቶን አኑሮ ማንሣትና ቀለሙን በእርሱ መመዘን ነው። እኔ ስንፍና ይዞኝ ይህን ሳላደርግ ቀረሁ። የሆዷ ነጭ ጠጉር ይበቃል የሚል ይኖር ይሆናል፤ ግን ከሥሯ ያለው ሣር መልኩን ስለሚያንጸባርቅበት ሁልጊዜ የሚታመን ሚዛን አይደለም። ከሁሉም በላይ ካሜራው መጀመሪያ የመዘገበውን ያልተነካ ፋይል ማስቀመጥ ነው። እርሱ ካለ የሠራነው ሁሉ ሊመረመር ይችላል።

ይህ የጥቃቅን ነገር ክርክር የሚመስለው ቢኖር፣ ታላላቆቹም በዚሁ መንገድ እንደተሰናከሉ ያስታውስ። ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1982 ሽፋኑ ላይ የጊዛን ፒራሚዶች በኮምፒዩተር አቀራርቦ በማተሙ ብዙ ተወቅሷል። በለንደን በየዓመቱ የሚደረገው የዱር አራዊት ፎቶግራፍ ውድድር ደግሞ የ2009 አሸናፊውን በ2010 ሽልማቱን ነሥቶታል፤ አጥር የሚዘልለው ተኩላ የዱር ሳይሆን ለማዳ ሳይሆን አይቀርም ብለው ዳኞቹ ስለወሰኑ ነው። ዛሬ ደግሞ ጨርሶ ያልነበረ እንስሳ በኮምፒዩተር ተፈጥሮ እንደ ፎቶግራፍ በሚዞርበት ዘመን፣ እውነተኛ ሥዕል ያለው ሁሉ እውነተኛነቱን ሊያስረዳ መቻል አለበት።

በእኛ አገር ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ጥንቸል በኦሪቱ ሕግ እንዳትበላ የተከለከለች ስለሆነች፣ ብዙ ሰው በተረት ብልኅነቷን ከመስማት አልፎ ልብ ብሎ አይመለከታትም። ከእኛ ከተማሪዎችም መካከል ሰነቴን በእግሩ የረገጠው ጥቂት ነው። የቀረው ሁሉ የሚያውቃት በሥዕል ብቻ ነው። የማያውቀውን ሰው ማሳሳት ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም ነው ነውሩ የሚበዛው። የተማርነው ላልተማረው ዓይን ልንሆነው ከሆነ፣ ባለቀለም መነጽር አድርገን ልንቀርበው አይገባም።

ስለዚህ ለማኅበራችን የትርኢት ኮሚቴ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የዱር እንስሳ ፎቶግራፍ የሚያቀርብ ሁሉ ያልተነካውን ፋይል አብሮ ያስረክብ። ሁለተኛ፣ ከሥዕሉ ሥር ቦታው፣ ቀኑ፣ የብርሃኑ ሁኔታና የተደረገው እርማት ባጭሩ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ቀለምን እንደ ልቡ ሊጫወትበት ለሚወድ ሰው ሌላ ግድግዳ ይሰጠው፤ ጥበብን አልቃወምም፤ የምቃወመው ጥበብ የምስክርን ወንበር ይዛ ስትቀመጥ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። የኔ እውነት ግን ከንጋቱ ጋር ተጣልቶ ስለነበር፣ እንዲጠራ እኔው ራሴ መርዳት አለብኝ። ኮሚቴውን ጠይቄ፣ ከፊታችን ካለው ሰኞ ጀምሮ የተቀባችውና ያልተቀባችው ጥንቸል ጎን ለጎን ይሰቀላሉ። ይህ ጋዜጣችን በጥቁር ቀለም ብቻ ስለሚባዛ ልዩነቱን እዚህ ላሳያችሁ አልችልም፤ ሄዳችሁ እዩ። ሁለተኛዪቱ ቀዝቃዛ ናት፤ ሣሯም ወርቅ አይደለም። ጆሮዎቿን ግን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ጫፋቸው ጥቁር ነው።