ማደያው ከመኪናው ይቅደም

ዴልሂ ውስጥ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሄድ ባጃጅ ማደያ ሲገባ ተሳፋሪው ይወርዳል። የጥንቃቄ ደንብ ነው። ሹፌሩ ሞተሩን ያጠፋል፤ ቀጂው ቱቦውን ሰክቶ ሲከፍት ጋዙ እያፏጨ ይገባል፤ ቆጣሪው የሚቆጥረውም በሊትር ሳይሆን በኪሎ ነው። ሲሊንደሩ ሞላ የሚባለው ግፊቱ 200 ባር ገደማ ሲደርስ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሰልፉ ሲረዝም ነው። ጋዝ እንደ ቤንዚን አይቀዳም፤ ግፊቱ ከፍ ካለበት የማደያው ማጠራቀሚያ ዝቅ ወዳለበት የመኪናው ሲሊንደር ይፈስሳል። መኪና በመኪና ላይ ሲደራረብ ማጠራቀሚያውን የሚሞላው ኮምፕረሰር የወጣውን ጋዝ መተካት ያቅተዋል፤ የሁለቱ ግፊት እኩል ሲሆን ፍሰቱ ይቆማል። በዚያ ሰዓት ተራው የደረሰው ሹፌር ሲሊንደሩ ሳይሞላለት ይወጣና ሥራውን አቋርጦ እንደገና ይሰለፋል። ያ የባከነ ጊዜ የቤተሰቡ እንጀራ ነው።

የጋዝ መኪና ሌላም ጣጣ አለው። ሲሊንደሩ የዕቃ መጫኛውን ቦታ ይሻማል፤ በሕንድ ደንብ ደግሞ በየ3 ዓመቱ በውኃ ግፊት መፈተሽ አለበት። ይህን ባለንብረቱ ይችለዋል። ማደያ መሥራት ግን ከአቅሙ በላይ ነው።

የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ቀድሞ ያየ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1998 የዴልሂ አውቶቡሶች እስከ መጋቢት 31 ቀን 2001 ወደ ጋዝ እንዲዞሩ ሲያዝ፣ በከተማዋ የነበሩት 9 የጋዝ ማደያዎች ወደ 80 ከፍ እንዲሉ የሰጠው ቀነ ገደብ መጋቢት 31 ቀን 2000 ነበር። ማደያው አንድ ዓመት ይቅደም ማለት ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይኸው ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ዘገየ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2001 አውቶቡስ ጠፍቶ ሕዝቡ መንገድ ላይ ቀረ፤ በየጋዝ ማደያው ያለው ሰልፍም ሰዓታት የሚፈጅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2002 ፍርድ ቤቱ በናፍጣ በሚሄዱ አውቶቡሶች ላይ በቀን 500 ሩፒ መቀጮ ጣለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ የከተማዋ አውቶቡሶች ከናፍጣ ተላቀቁ። ትልቅ ድል ነው፤ በመሃል ግን የዘገየውን ማደያ ዋጋ የከፈሉት ሹፌሩና ተሳፋሪው ናቸው።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የካሉብ የጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመርቋል። እዚያ የሚመረተው ጋዝ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ገደማ ድረስ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ስለሚሆን በቦቴ ይጓጓዛል። የጋዝ ቧንቧ ለሌላት አዲስ አበባ ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም ቦቴው የሚያራግፍበት፣ ፈሳሹ ወደ ጋዝ ተመልሶ ለመኪና የሚቀዳበት ማደያ ከሌለ ለባለመኪናው ትርጉም የለውም። በናፍጣና በቤንዚን ሰልፍ ስንት ሌሊት ያነጋ ሹፌር ሌላ ሰልፍ ሊጨመርበት አይገባም።

ስለዚህ የሚመለከታቸው አካላት መኪናዎች ወደ ጋዝ እንዲዞሩ ከመጠየቃቸው በፊት ማደያዎቹ የት የት እንደሚሠሩ፣ ስንት እንደሚሆኑና በየትኛው ወር ሥራ እንደሚጀምሩ ለሕዝብ ያስታውቁ። ባለመኪናውም ይህን ሳያውቅ ለሲሊንደር ገንዘቡን አያውጣ።