ሒሳቡ ሳይሠራ የመሠረት ድንጋይ አይቀመጥ!



ሱቅ የሚከፍት ነጋዴ ብሩን ከማውጣቱ በፊት ያሰላል። ምን አወጣለሁ? ምን አገኛለሁ? መቼ? ገንዘቡን ሌላ ሥራ ላይ ባውለውስ? በሕዝብ ገንዘብ ሲሠራ ግን አገራችን የለመደችው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል፤ ሒሳቡ የሚነሳው ዕዳው ሲመጣ ነው።

የወጪና ጥቅም ትንተና የሚባለው የዚያ ነጋዴ ስሌት ነው። ልዩነቱ የሚቆጥረው የአንድ ድርጅትን ትርፍ ሳይሆን የመላውን ሕዝብ ጥቅምና ጉዳት መሆኑ ነው። ጊዜንም ይቆጥራል። በዓመት 10 በመቶ ሲታሰብ ከ10 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ብር የዛሬ ዋጋው 39 ብር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የዘገየ ፕሮጀክት፣ ወጪው ባይጨምር እንኳ፣ ከሕዝብ ኪስ ይወስዳል።

ስኳሩ የት ደረሰ?

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በአምስት ዓመት ውስጥ የስኳር ምርትን በዓመት ወደ 2.25 ሚሊዮን ቶን እንደሚያሳድግ ቃል ገባ። በጣና በለስ ፋብሪካው ሳይደርስ የተተከለው አገዳ ዕድሜው አለፈበት። የዕቅዱ ዘመን ሲያበቃ የከተማው ሕዝብ በሸማቾች ማኅበር በር ላይ ለኮታ ስኳር ይሰለፍ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ለስኳር፣ ለኃይል ማስተላለፊያና ለኢንዱስትሪ ፓርኮች ተብሎ በዓለም ገበያ ከተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድም፣ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሳይከፈል ቀረ።

ባቡሩስ?

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ475 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። 85 በመቶው ወጪ የቻይና ኤክስፖርት-ኢምፖርት ባንክ ብድር ነው። ባቡር አያስፈልግም አንልም። ሠራተኛው በየቀኑ የሚቆጥበው ሰዓት ትልቅ ጥቅም ነው፤ ትንተናውም ይቆጥረዋል። ነገር ግን ትኬቱ ሲጀመር ከ2 እስከ 6 ብር ነበር፤ ዕዳው ደግሞ በዶላር። ያኔ 21 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከ41ዱ ባቡሮችም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመለዋወጫ እጦት የቆሙበት ጊዜ ነበር። መለዋወጫና ጥገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሒሳቡ ውስጥ ሊገቡ የሚገባቸው ወጪዎች ናቸው።

ያልተቆጠረው ወጪ

የኮሪደር ልማት በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ሲጀመርና ወደ ሌሎች ከተሞች ሲዛመት፣ የተነገረን ስለ አስፋልቱና ስለ መብራቱ ነው። ከሠፈሩ የተነሳው ሰውስ ምን አጣ? ደንበኛውን፣ እድሩን፣ የልጁን ትምህርት ቤት፣ ለሥራ የሚቀርብ ቤቱን። ይህ በኮንትራክተሩ ሰነድ ላይ አይገኝም፤ ወጪ መሆኑ ግን አይቀርም። ጥቅሙ ለአላፊ አግዳሚው፣ ወጪው ለተነሺው ከሆነ፣ ይህ በግልጽ ተጽፎ መታየት አለበት።

ገዢው ፓርቲ «ልማት በብር ብቻ አይለካም፤ ጊዜ የለንም» ይለናል። ትንተናው የሚለካው ብርን ብቻ አይደለም፤ የተረፈ ሕይወትን፣ ንጹሕ ውኃን፣ የተቆጠበ ጊዜንም ያካትታል። ስለ ጥድፊያው አባቶቻችን መልሰዋል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

«ሕግ አውጥተናል» የሚል መልስም አለ። እውነት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1210/2012 የፌዴራል ፕሮጀክቶች በጀት ከማግኘታቸው በፊት ተጠንተውና ተገምግመው እንዲቀርቡ ይጠይቃል። ነገር ግን ስሌቱ ከቢሮ ወጥቶ ለግብር ከፋዩ ካልደረሰ፣ ሕጉ የወረቀት ጌጥ ነው።

ስንመረጥ የምንፈጽመው

1. የማንኛውም ትልቅ የመንግሥት ፕሮጀክት የወጪና ጥቅም ትንተና ለሕዝብ ይፋ ሳይሆን በጀቱ አይጸድቅም።

2. ገምጋሚው ከአስፈጻሚው መሥሪያ ቤት ነፃ የሆነና ተጠሪነቱ ለተወካዮች ምክር ቤት የሆነ ተቋም ይሆናል። ፕሮጀክቱን የወደደው ሰው ራሱ ፈራጅ አይሆንም።

3. እያንዳንዱ ጥናት «ቢዘገይስ? ዶላር ቢወደድስ? በዚሁ ገንዘብ የውኃ መስመር ወይም ጤና ጣቢያ ቢሠራስ?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል።

4. የተነሺዎች ኪሳራ እንደ ፕሮጀክቱ ወጪ ተቆጥሮ፣ ቤት ከመፍረሱ በፊት ይከፈላል።

5. ፕሮጀክቱ ከተጠናቀቀ በኋላ ዋናው ኦዲተር ቃል የተገባውንና የተገኘውን አነጻጽሮ ለሕዝብ ያቀርባል።

ውድ መራጮች፣

ዕዳውን የምትከፍሉት እናንተና ልጆቻችሁ ናችሁ። ስለዚህ ሒሳቡን አስቀድሞ ማየት መብታችሁ ነው። ሊመርቅ የሚመጣውን ሁሉ «ስሌቱ የታል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ፣ መልሳችሁን በምርጫ ካርዳችሁ ስጡ!