ጠርሙሱ ብቻ አይበቃም!

ዛሬ በአስተያየት ዓምዳችን የማነሳው የአውሮፕላን ቀለም ነገር ነው። በስዕል ክፍለ ጊዜ “የምዕራብ ሸዋ አየር መንገድ ቢኖር አውሮፕላኑን እንዴት ትቀቡት ነበር?” ተባልንና ሁላችንም ሳልን። አብዛኛው ተማሪ የሳለው ምን መሰላችሁ? የአምቦ ውሃ ጠርሙስ!

አልፈርድባቸውም። አምቦ ውሃ መታሸግ ከጀመረ ከ90 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከተማችንን ያላየ ሰው እንኳ ውሃውን ያውቀዋል። ግን ጠርሙስ እኮ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ አውሮፕላን ላይ ሲሳል ማስታወቂያ ይመስላል። ደግሞ የተባልነው የምዕራብ ሸዋ እንጂ የአምቦ አየር መንገድ አይደለም። የጊንጪ፣ የጉደር፣ የጌዶ ልጅ “የኛስ የታለ?” ቢለን ምን ልንመልስ ነው?

በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመውን የኢትዮጵያ አየር መንገድን እዩ። ጅራቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ነው ያለው፤ ፏፏቴ የለ፣ ሐውልት የለ፣ የቡና ስኒ የለ። ሆኖም ከሩቅ ስናየው “የኛ ነው!” እንላለን። የቦታዎችን ነገር የፈታው በስም ነው። በ2008 ዓ.ም. የመጣውን የመጀመሪያውን ኤርባስ ኤ350 “የሰሜን ተራሮች”፣ ቀጥሎ የመጣውን “የባሌ ተራሮች” ብሎ ሰየማቸው።

እኔ ብሆን ጅራቱ ላይ የማደርገው የደንዲን ሐይቅ ነው። ከጊንጪ ወደ ላይ ያለው ይህ ሐይቅ ከሰማይ ሲያዩት ልክ እንደ 8 ቁጥር ነው። ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ቅርጹን በደንብ አያገኘውም፤ ለማየት መብረር አለበት! ታዲያ ከዚህ የበለጠ ለአውሮፕላን የሚሆን ምን አለ? አካሉ ነጭ ይሁን፤ ነጭ የፀሐይን ሙቀት ስለሚመልስ ብዙ አየር መንገዶች ይመርጡታል። ሆዱ ደግሞ የኑግ አበባ ቢጫ ይሁን፤ ማሳ ውስጥ ያለው ገበሬ ቀና ሲል የሚያየው ሆዱን ነዋ። ስሙ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይጻፍ። አንዱ አውሮፕላን ጉደር፣ አንዱ ጌዶ፣ አንዱ ጀልዱ ይባል፤ ያኔ ማንም አይቀየምም።

አንዷ ጓደኛዬ “ኦዳን ለምን ተውሽ?” ብላ ተቆጣችኝ። ኦዳ የኦሮሚያ ሁሉ ነው፣ በክልሉ ባንዲራ ላይም አለ፤ ወለጋም አርሲም የኔ ነው ይላል። እኔ የፈለግኩት ምዕራብ ሸዋን ለብቻዋ የሚያሳውቅ ነገር ነው። ግን ነገሯን ሳስበው እውነት አላት። ስለዚህ በሩ አጠገብ ትንሽ ኦዳ ጨመርኩ፤ ሰው የሚሰበሰበው በኦዳ ሥር አይደል? ተሳፋሪም የሚሰበሰበው በር ላይ ነው።

ጠርሙሱስ? ጠርሙሱ ውስጥ ይግባ። አስተናጋጇ ቀዝቀዝ ያለውን ለተሳፋሪው ትስጠው።