ዘይቱ ሳይቃጠል

የዛሬው ጨዋታችን ስለ መኪና ነው። እህቶቼ፣ “ይህስ የወንዶች ጉዳይ ነው” ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት። እኔም እንደዚያ እያልኩ ነው ቤታችንን ለወጪ የዳረግሁት።

እ.ኤ.አ. የ2004 ሥሪት የሆነች አውቶማቲክ ኮሮላ አለችን። ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚሄዱት፣ ባለቤቴ የታመመ የሚጠይቀው፣ የወሩን አስቤዛ የምናመጣው በእሷ ነው። ባለፈው ክረምት ጠዋት ጠዋት ማርሹን “ዲ” ላይ ሳደርገው ሁለት ሦስት ሴኮንድ ፈዝዛ ትቆይና ድንገት ገጭ ብላ ትነሣ ጀመር። ቆየት ብሎ ደግሞ ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ፍጥነት አትጨምርም።

“ዘይቷን በየጊዜው እናስቀይር የለም እንዴ?” አልኩት ባለቤቴን።

“የሞተሩን እናስቀይራለን። የካምቢዮውን ግን…” ብሎ ዝም አለ። ከገዛናት 8 ዓመት ሆኗታል። የካምቢዮዋን ዘይት አንድም ቀን አስቀይረን አናውቅም። ጥፋቱ የመኪናዋ ሳይሆን የእኛ ነበር።

የመጀመሪያው መካኒክ “ዘይቱን ቀይሩላት፣ ትድናለች” አለን። ሁለተኛው ደግሞ “እናቴ፣ እንዳትነኪው! ያረጀ ካምቢዮ አዲስ ዘይት ከገባበት ይቆማል” አለኝ። በእጃችን የነበረው ገንዘብ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ታዲያ ማንን እንስማ?

ነገሩ የገባኝ የዘይቱን ሥራ ከተረዳሁ በኋላ ነው። በማንዋል መኪና ፍሪሲዮን የምንረግጠው በእግራችን ነው። በአውቶማቲክ መኪና ግን ያንን ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው። ፓምፕ ዘይቱን በኃይል ይገፋዋል፤ ግፊቱም በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን የፍሪሲዮን ሸራዎች አጣብቆ ይይዛቸዋል። ይኸው ዘይት የሞተሩን ጉልበት በቶርክ ኮንቨርተር በኩል ያስተላልፋል፣ ብረቶቹን ያለሰልሳል፣ ሙቀቱንም ወደ ማቀዝቀዣው ይወስዳል። በትራፊክ መጨናነቅና በረጅም ዳገት ሙቀቱ ይበዛል። ሙቀት ዘይቱን ያበላሸዋል፤ የተበላሸ ዘይት ሸራዎቹን ያንሸራትታል፤ መንሸራተቱ ደግሞ ሌላ ሙቀት ይወልዳል።

እንግዲህ ሁለቱም መካኒኮች ከእውነቱ ግማሽ ግማሹን ይዘዋል። ዘይት በጊዜው ሲቀየር ካምቢዮን ይጠብቃል፤ ተበልቶ ያለቀ ሸራን ግን አያበቅልም። ብዙ ሰው ዘይቱን የሚያስቀይረው መኪናው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ በሳምንቱ ሲቆምበት አዲሱን ዘይት ይከሳል። እውነቱ ግን ካምቢዮው ቀድሞውኑ ታሞ ነበር። በተለይ በማሽን ግፊት ማጠብ የተጠራቀመውን ቆሻሻ ቀስቅሶ ጠባብ የዘይት መተላለፊያዎችን ሊደፍን ስለሚችል፣ ላረጀ ካምቢዮ አይመከርም።

ስለዚህ ከመወሰን በፊት ማየት ያስፈልጋል። እንደ እኛ ባለች መኪና የካምቢዮ ዘይት የሚለካው ሞተሩ ሞቆ፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ነው። የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ እግር ፍሬን ላይ ሆኖ፣ ማርሹ በሁሉም ቦታ አልፎ ወደ “ፒ” ይመለሳል። ከዚያ መለኪያው ወጥቶ ይጠረጋል፤ እንደገና ገብቶ ይታያል። አንዳንድ መኪኖች ሞተር ጠፍቶ የሚለካላቸው ናቸው፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ መለኪያ የላቸውም፤ መመሪያ መጽሐፉን ተመልከቱ።

ዘይቱ ከጎደለ የሚፈስበት ቦታ ይፈለግ፤ አንዳንዴ በሽታው ይኸው ብቻ ነው። ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ ከሆነ አርጅቷል። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ሸራዎቹ ተጎድተዋል። ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ሮዝ ከሆነ ግን ውኃ ገብቶበታልና መኪናውን አትንዱት።

የእኛ ዘይት ጥቁር ቡናማ ሆኖ ነበር፤ የተቃጠለ ሽታውም ጥቂት ጥቂት ይሰማል። በግፊት ሳናሳጥብ፣ ከሥር ባለው ቡሎን አስፈሰን የወጣውን ያህል መለስን። በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከግማሽ በታች ነው፤ ቀሪው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። በየጊዜው 40 በመቶው ቢወጣ ከሦስተኛው በኋላ የሚቀረው አሮጌ ዘይት 22 በመቶ ገደማ ነው። እኛም በየሁለት ሳምንቱ ሦስት ጊዜ አደረግነው፤ በመጀመሪያው ላይ ፊልትሮውን አስቀየርን፣ ማግኔቶቹንም አስጠረግን። የዘይቱ ዓይነት መጽሐፉ ያዘዘው ቲ ፎር ነው። በኋላ የወጣው ደብሊው ኤስ በቲ ፎር ቦታ አይገባም፤ ሲቪቲ ካምቢዮ ያላቸው መኪኖችም የራሳቸው ዘይት አላቸው። “ሁሉም ያው ነው” የሚላችሁን ሻጭ አትስሙ። ከልክ በላይ መሙላትም ዘይቱን አረፋ ያደርገዋል።

ውጤቱን በእውነት ልንገራችሁ። የጠዋቱ መፍዘዝ ጠፋ። ዳገት ላይ መንሸራተቷ ግን ቀነሰ እንጂ አልቀረም። ሸራዎቹ ተበልተዋል፤ ወደፊት ካምቢዮው መፈታቱ አይቀርም።

በዚህ መካከል አንድ ወዳጃችን “ዘይቱ አዲስ ሳለ ሽጧት” ብሎ መከረን። እውነት ነው፣ ገዢ ሜዳ ላይ ቢሞክራት ምንም አይሰማውም። ባለቤቴ ግን ማታ ራት ላይ፣ ልጆቹ እየሰሙ፣ “ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ምን ይለናል?” አለ። ከዚያ በኋላ ማናችንም አላነሣነውም። ብንሸጣት እንኳ ሕመሟን ነግረን ነው። እስከዚያው ረጅም ዳገት እንቀንስላታለን፤ በየወሩም ለካምቢዮው ጥቂት ብር እናስቀምጣለን።

አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚሉት ለዚህ ነው። በብዙ መኪኖች ይህ ዘይት ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ባለው ይቀየራል፤ ዳገትና ትራፊክ ለሚበዛበት ደግሞ ቀደም ማለት ይሻላል። እህቴ፣ ዛሬ ማታ ባለቤትሽን አንድ ነገር ጠይቂው፦ “የካምቢዮው ዘይት የተቀየረው መቼ ነው?” ዝም ካለ፣ መልሱን አግኝተሻል።