ቅብና ወርቅ

የቅኔ ሰዎች «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም የተዋሱት ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው ጌጡን አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ስፍራ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። በቅኔም ሰሙ ላይ ነው፤ ወርቁ ውስጥ። የቅብ ጌጥ ግን ይህን ሥርዐት ይገለብጠዋል፤ ወርቁ ላይ፣ መዳቡ ውስጥ።

ቀን በባንክ መስኮት ገንዘብ የምቆጥር፣ ማታ ስንኝ የምቋጥር ሰው ነኝና ነገሩን በቁጥርም ልየው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ይባላል። 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ፣ የቀረው 6 እጅ መዳብ፣ ብር ወይም ሌላ ማዕድን የሆነ ነው። ስለዚህ 10 ግራም የሚመዝን ባለ18 ካራት ቀለበት 7.5 ግራም ወርቅ አለው፤ «750» የሚለው ማኅተምም ይህንኑ በሺህ ቤት ይናገራል። ድብልቅነቱ ነውር አይደለም፤ ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ነውና ጥንካሬን የሚያገኘው ከባልንጀሮቹ ነው።

ቅብስ? ውፍረቱ የሚለካው በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ገጹ 20 ካሬ ሴንቲሜትር የሆነ አምባር በ1 ማይክሮን ወርቅ ቢለበጥ፣ የለበሰው ወርቅ 0.04 ግራም እንኳ አይሞላም። እሱም ከላብና ከልብስ ጋር ሲፋተግ ይሳሳል።

ይሁንና ቅብን አልጠላም። በስሙ ተጠርቶ፣ በዋጋው ተሽጦ ለዓመት በዓል ቢደምቅ ምን ክፉ አለው? ክፋቱ ስሙን ሲሰውር ነው። በ2000 ዓ.ም. እንደተሰማው፣ ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ ወርቅ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ ተመልሷል። ይህ በባንክ ከደረሰ፣ ዐይኗን ብቻ ተማምና የምትገዛ እናት ምን ትሁን? ለእርሷ ወርቅ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የክፉ ቀን መጠባበቂያዋ ነው። በቸገራት ዕለት አውጥታ ስታስመዝነው «ይህ ቅብ ነው» ብትባል፣ «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ማለት ይኸው ነው።

የምለው አጭር ነው። ሻጭ ካራቱንና ግራሙን፣ ቅብም ከሆነ ቅብነቱን በደረሰኝ ላይ ይጻፍ፤ ገዢም ሳያፍር ይጠይቅ።

ለግጥምም ከዚህ የተለየ ሚዛን የለኝም። በቃል ጌጥ ተለብጦ ሲፋቅ መዳብ የሚሆን ስንት አለ! እኔ ባለ24 ካራት ስንኝ ጽፌ አላውቅም፤ ባለ9 እንኳ ቢሆን ግን ማኅተሙን ሳልሰውር ማቅረብን እመርጣለሁ።